ሰውአገኝ ቤት ነው

ጥር 17

ሰውአገኝ ሰርግ ሊጫወት ከጎንደር ወደ ሳንጃ ከወረደ ሰነበተ። ሦስት ቀን ነበር ያለኝ። በጥምቀት ማግስት ኪቦርዱንና አንዱን ስፒከር ይዞ ከጓደኞቹ ጋር በሚኒባስ ሄደ፤ ማኪናውን ግን ጠረጴዛው ላይ ተወው። «ዝም ብሎ ከከረመ ይበላሻል፤ አልፎ አልፎ አብሪው። የግራውን ማዞሪያዎች ግን እንዳትነኪ» አለኝ፣ በሩ ላይ ቆሞ። ስለ ማኪናው ይህን ሁሉ አለ። ለኔ ደግሞ «ደህና ሁኚ» አለኝ። ባል ሚስቱን ሌላ ምን ይላታል?

ይህን ደብተር የጥልፍ ንድፍ ልሥልበት ነበር የገዛሁት። የማወራው ሰው ሳጣ ንድፉ ቀረና ወሬ ሆነ።

ማኪናው የጫማ ካርቶን የሚያህል ጥቁር ሣጥን ነው። ሲንተሳይዘር ይሉታል፤ ግን የኪቦርድ ጥርስ የለውም፣ ዘፈንም አይወጣውም። ሥራው አንድን ድምፅ ይዞ መቆየት ነው። እምምም እያለ ቀስ ብሎ ይወፍራል፣ ቀስ ብሎ ይቀጥናል፣ በቃ። ከፊቱ ጥንድ ጥንድ የሆኑ ትናንሽ ብረቶች አሉበት፤ የሰው ጣት ሁለቱን ሲነካቸው ይጮኻል፣ ጣት ሲነሣ ዝም ይላል። ሰውአገኝ እንዳስረዳኝ ግራው ጎን የዱሮ ዓይነት ነው፤ ኤሌክትሪኩ ራሱ ድምፅ ይሆናል፣ ሙቀትና ብርድ ይሰማዋል፣ ማዞሪያው አንዴ ከተነካ እንደነበረ አይመለስም። ቀኙ ጎን ዲጂታል ነው፤ ከግራ የመጣለትን ድምፅ ይይዛል፣ ያስተጋባዋል፣ በቁጥር ያስቀምጠዋል። ሰርግ ቤት ይህን አጫውተን የሚል የለም። ለራሱ ነው የሚጫወተው፣ ከሥራ ሲገባ፣ ጀርባውን ለኔ ሰጥቶ። እኔ ከኋላው ተቀምጬ እጠልፋለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን፤ ሸጋ ኑሮ ነበር።

ጥር 22

ስልኩ ሠራ። «መንገድ ተዘግቷል» አለኝ። ከኋላው ሴት ትስቃለች። ሰርግ ቤት መቼም ሴት አይጠፋም። የምን ሰርግ ነው የማያልቀው ልለው ስል ተቋረጠ።

ጥር 25

ሰንበት ስለሆነ ቤት ዋልኩ። አብሪው ብሎኝ የለ፣ አበራሁት። ብረቶቹን ብነካ ብነካ ወይ ፍንክች። ተበላሸ ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ኋላ ትዝ ሲለኝ ጠዋት ልብስ ሳጥብ ሳሙናው ጣቴን አድርቆታል። ጣቴን ምራቅ አስነክቼ ብመለስ ቤቱ በሙሉ ነዘረ፤ መስኮቱ ተርገፈገፈ።

ይሄኔ የቤት አከራያችን እትዬ የትነበርሽ ከግቢው «እናኑ፣ ሰውአገኝ መጣ እንዴ?» አለች።

«አዎ፣ እትዬ» አልኩ።

ምን ነክቶኝ ነው? «እየሞከርኩት ነው» ማለት ምን ነበረው? «ሸጋ፤ እንኳን በደህና ገባ» አለች። «ደክሞት ተኝቷል» አልኩ። ተኝቶ እንዴት ይጫወታል? እሷ አልጠየቀችኝ፣ እኔም አላረምኩት።

የካቲት 1

ውሸት ቀለብ ይፈልጋል። አንዴ መጥቷል ካልኩ ወዲህ ከሥራ ስገባ ገና ነጠላዬን ሳላወልቅ ማኪናውን ማብራት ሆነ ሥራዬ። ጥቁር ጫማውንም አውጥቼ ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩ። ሰው ቤት ያለ ይመስላል።

አሁን መላውን ለምጄዋለሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጌ አበራዋለሁ፤ ግራው ጎን እስኪሞቅ አልነካውም። ሳይሞቅ ከነኩት እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ እንኳን ለሰው ለራሴም ይቀፈኛል። ከሞቀ በኋላ ታች ያሉትን ሁለት ጎርናና ድምፆች እይዛለሁ። ከዚያ በቀኝ ጎን የመያዣዋን ቁልፍ ስጫናት ጣቴን ባነሣም ድምፁ አይሄድም። ዲጂታሉ ይዞ ያቆየዋል። ይህችን ቁልፍ የሠራ ሰው ይባረክ። እሱ እምም ሲል እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ወለል እጠርጋለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ። ቧንቧው ጋ ሆኜ ስሰማው ደግሞ ከውስጥ ሰው ያለ ነው የሚመስለው፤ አንዳንዴ እኔም እረሳዋለሁ።

ዛሬ ባልዲ ይዤ ስገባ «ውኃ ልቅዳልህ?» ብዬ ተናገርኩ። ለማን እንደሆነ እንጃ።

የካቲት 8

መብራት ሄደ። ማኪናው መሀል ላይ እልም። እትዬ የትነበርሽ ምን ትል ይሆን ብዬ በጨለማ ስቁለጨለጭ እሷ ከደጅ «ሰውአገኝ፣ እንግዲህ እረፍ፣ መብራቱ ገላገለህ» አለች። ከት ብዬ ልስቅ ነበር። ስልኩም እንደ መብራቱ ነው፤ ሲመጣ ይመጣል። ሰውአገኝ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ይሆናል።

የካቲት 17

ጾም ገባ። ቅበላውን ለብቻዬ በላሁ። ከእንግዲህ እስከ ፋሲካ ሰርግ የሚባል ነገር የለም፤ የትም አገር ይሁን የሚያጫውት የለም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ ቤት ይውል ነበር፣ ኪቦርዱን ሸፍኖ፣ ማኪናው ላይ ተደፍቶ። በዚህ ሳምንት ይመጣል። ሸሚዙን ተኮስኩለት፤ ያን ሐረግ አንገቱ ላይ የጠለፍኩለትን ፈልጌ አጣሁት፣ ይዞት ሄዶ ነው። ከሸሚዞቹ ሁሉ እሱን መርጦ መሄዱ ደስ አለኝ።

የካቲት 26

አልመጣም።

የምሠራበት የሐበሻ ልብስ ቤት ባለቤት ሸዋአየሁ ዛሬ ከአንድ የሰሊጥ ጫኝ ሹፌር ጋር ታወራለች። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ መኪና ላይ እየጠለፍኩ ነው፤ የጥልፍ መኪናዬ ስለሚንጣጣ ያልሰማሁ መስሏቸዋል። መንገዱ ከተከፈተ ወር ሊሆነው ነው አለ ሹፌሩ። ሸዋአየሁ «ታዲያ የኛዋ ባል?» አለች። እሱ «ኧረ እሱን አዘዞ አየሁት፤ ከሆቴሉ ጀርባ፣ አረንጓዴው የቆርቆሮ አጥር ያለው ሰፈር» አለ። «ዝም በል፣ እዚህ ናት» አለች።

አዘዞ እኮ እዚሁ ነው። ሚኒባስ ከተሳፈሩ ቁጭ ብድግ ነው። ሹፌር ደግሞ መንገድ እንጂ የሰው ፊት አያይም። ኪቦርድ የሚጫወት ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል።

ሐረጉን ሁለቴ ፈታሁት ዛሬ። ሸዋአየሁ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 5

ጉድ ሠራሁ። ማኪናው ላይ አቧራ ተኝቶበት በእርጥብ ጨርቅ ስወለውል የግራዎቹን ማዞሪያዎች አዞርኳቸው። አንዱን ብቻ መስሎኝ ነበር። ሳበራው ሌላ ሰው ሆኖ ጠበቀኝ። ሁለቱ ጎርናኖች ተጣሉ፤ እምም ማለት ቀርቶ ዋው ዋው ይላሉ።

የሰውአገኝን ድምፅ መልሼ ላገኝ እስከ ምሽት ታገልኩ። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ። አገኘሁት ስል የጣሪያው ቆርቆሮ ሲበርድ ማኪናውም አብሮ ይወርዳል። ድምፁን ጆሮዬ ያውቀዋል፣ እጄ ግን አያውቀውም። ስድስት ዓመት ከኋላው ተቀምጬ አንድ ቀን እንኳ ጣቱ የት እንደሚያርፍ አላየሁ። ጥልፌን ነበር የማየው። እሱ ሲመጣ ምን እለዋለሁ? እንዳትነኪ ብሎኝ ነበር እኮ፣ አንድ ነገር ነው የነገረኝ፣ እሱንም አልጠበቅኩለት።

መጋቢት 6

እትዬ የትነበርሽ ቧንቧው ጋ፦ «ሰውአገኝ ዛሬ ሌላ ዜማ ጀመረ» አለችኝ።

«ጾም ነው፣ እትዬ፤ ለስለስ ያለውን ነው» አልኩ። አንገቴን ደፍቼ ባልዲዬን አነሣሁ።

መጋቢት 14

ደብረ ዘይት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሄዳል፤ ወይም ለኔ እንደዚያ ታየኝ።

ቤት ገብቼ አበራሁት። የሱን ድምፅ ፍለጋ ተውኩት ዛሬ። ዋው ዋው ከሚሉት የአንዱን ማዞሪያ እፍ የማለት ያህል ሳዞረው መጣላቱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ሁለቱ ድምፆች ሊገናኙ ትንሽ ሲቀራቸው ተውኳቸው። እንዳይገናኙ። ከላይ አንድ ቀጭን ጨመርኩ፤ ማስተጋቢያውን ረጅም አደረግኩት። ምን ብዬ ልጻፈው፤ ደረቴ ውስጥ የነበረው ነገር ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። እጄን ሳላነሣ ስንት እንደቆየሁ አላውቅም። ሸጋ ነበር። እኔ ነኝ የሠራሁት።

በሩ ተንኳኳ። ደንግጬ አጠፋሁት። እትዬ የትነበርሽ የሽምብራ ቂጣ በሳህን ይዛ መጥታለች። ገባች ዝም ብላ። «ሰውአገኝ ቤተ ክርስቲያን ቆየ» አልኩ ቀድሜ። «ይቆይ፤ እግዜር ይመስገን» አለችና ማኪናው ፊት ተቀመጠች። «ይሄ ነው እንዴ እንዲህ የሚያለቅሰው? እንዴት ነው?»

አሳየኋት። ብረቱን ብትነካ እጇ ደርቋል፣ የሸማኔ ልጅ ናት፣ ዕድሜዋን ጥጥ ስትፈትል ነው የኖረችው፤ አልጮኸላትም። «እኔንስ አልፈለገኝም» አለች። አንዱን ብረት እኔ ነክቼ፣ ሌላውን እሷ እንድትነካ አድርጌ፣ ነፃ እጇን ያዝኳት። በሁለታችን በኩል አለፈና ጮኸ። ሳትለቀኝ እጄን ጫን አደረገችው፤ ሲጫኑት ድምፁ ይወፍራል። ባሏ የሞተባት እኔ ሳላገባ ነው። ሰው እጄን ከያዘኝ ቆይቷል።

ከሄደች በኋላ በግድግዳው በኩል አብራት ለምትኖረው እኅቷ ስትናገር ሰማኋት፦ «ተዪው፣ ምንም አትበያት። ማኪናዋን ታስጩህ፣ ምናለበት?»

ማኪናዋን ማለቷ ነው የገረመኝ። ማኪናውን ማለት ስትችል። እትዬ የትነበርሽ ወንድና ሴቱን ትቀላቅላለች አንዳንዴ፣ ስታረጅ።

መጋቢት 23

አዘዞ ክር ልገዛ ሄድኩ። ክር ቤቱ አራዳ ሱቃችን አጠገብ እያለ ምን አዘዞ ወሰደሽ ቢሉኝ የምመልሰውን ሚኒባስ ውስጥ አዘጋጅቼ ነበር፤ ወይንጠጅ ቀለሙ ጠፋ እላለሁ። የጠየቀኝ የለም።

ከሆቴሉ ጀርባ ብዙ አጥር አለ። አረንጓዴውም አለ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሰው ግቢ አላይም እኔ፤ ሳልፍ ዓይኔ ገባ እንጂ። ገመድ ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል፦ የሴት ቀሚስ፣ አንሶላ፣ የወንድ ሸሚዝ አንገቱ ላይ ሐረግ ያለበት። ሐረጉ ወደ ግራ ይዞራል። ጎንደር ውስጥ ሐረግ የሚጠልፍ ሁሉ ወደ ቀኝ ነው የሚያዞረው፤ እኔ ብቻ ነኝ በግራ፣ ሸዋአየሁ እንዲያውም ትስቅብኛለች። ግን ይህን ያህል ዘመን ስሠራ አንዷ ኮርጃ ሊሆን ይችላል። ጥልፍ መኮረጅ ድሮም ያለ ነው።

ቀሚሱ ርካሽ ነው። ስፌቱ ሲታይ ያስታውቃል።

ክሩን ሳልገዛ ተመለስኩ። ስገባ አላበራሁትም። ከዚያ እትዬ የትነበርሽ ከደጅ ስትስል ሰማሁና አበራሁት።

መጋቢት 29

ዝናብ ጣለ ሳይታሰብ። ከሥራ ስገባ የሰውአገኝ ጫማ ደጃፉ ላይ የለም። ተሰረቀ ብዬ ልጮህ ስል እትዬ የትነበርሽ በረንዳዋ ላይ አድርጋልኛለች፣ ውስጡን ጋዜጣ ሞልታ። «ዝናብ መታው፣ ልጄ» አለች ብቻ። ባልሽ ምነው ጫማውን ዝናብ ላይ ጥሎ ዝም አለ አላለችም። ሌላ ሰው ይለኝ ነበር።

ሚያዝያ 3

ጽሑፍ የለም። ለፋሲካ የታዘዘ ልብስ ሱቁን ሞልቶታል። ጣቴን መርፌ ወጋኝ፣ የማኪናውን ብረት ስነካ ያቃጥለኛል። ደወልኩለት፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። ኔትወርክ ነው።

ሚያዝያ 5

ሆሳዕና። የዘንባባ ቀለበት ለሁለት ሰው አሰርኩ። ልማድ ነው።

ሚያዝያ 12

ክርስቶስ ተንሥአ። እንኳን አደረሰሽ እናኑ።

አንድ ዶሮ ሠራሁ። አሥራ ሁለት ብልት አውጥቼ፣ የወንድ ድርሻውን ለብቻ አድርጌ። ማኪናውን አበራሁና የደብረ ዘይቱን ድምፅ ያዝኩት፤ ያን ድምፅ ቀኙ ጎን ላይ ሦስት ቁጥር ብዬ አስቀምጬዋለሁ፣ ግራው ግን በየቀኑ እጅ ይፈልጋል፤ ሙቀት ሲገባ ከፍ ይልብኛል፣ ትንሽ ወደ ታች አወርደዋለሁ። ከዚያ እየሰማሁ በላሁ። የግቢው ሰው ሁሉ «እንኳን አደረሳችሁ» እያለ ያልፋል፣ «አብሮ አደረሰን» እላለሁ፣ እየጎረስኩ፣ ስለ ሁለታችን። ከእትዬ የትነበርሽ ቤት ሳቅ ይሰማል። ነይ ግቢ ብላኝ ነበር፤ ሰውአገኝን ብቻውን ትቼ እንዴት ልሂድ አልኳት። እንዲህ አልኳት፣ በገዛ አፌ። ፊቷን ወደ ድስቷ አዞረች።

ለምን እንደማለቅስ አላውቅም፤ በርበሬው በዝቶ ነው።

ሚያዝያ 16

እግዚአብሔር ይመስገን። እግዚአብሔር ይመስገን።

የንስሐ አባታችን አባ ዕንባቆም ሱቅ ድረስ መጡ። «እሑድ ከሰውአገኝ አጎት ከአለነ ጋር ሆነን እንመጣለን፣ ቤት ጠብቂን» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም፤ መናገርም አይገባቸውም። ሽማግሌ የሚላከው ለምን እንደሆነ ለማን ይጠፋዋል? አያ አለነ እኔንም ለሰውአገኝ የጠየቀኝ እሱ ነው፤ ጠዳ ያለው አባቴ ቤት መጥቶ፣ አባትሽ ከጓሮ በር እስከ እልፍኝ አላስቀምጥ አለን እያለ እስካሁን ያወራዋል።

ሰውአገኝ ፈርቶ ነው። በገዛ እግሩ መምጣት አፍሮ። ወንድ ልጅ እንዲህ ነው፤ ሲያጠፋ ሽማግሌ ይልካል። ሸዋአየሁን ለዝግጅት ቅዳሜን አስፈቀድኳት። «ሽማግሌ ነው?» አለችኝ፣ ደግሞም ደስ አላት፣ አቀፈችኝ።

ሚያዝያ 18

ቤቱን ለቀለቅኩ። የሶፋውን ልብስ አጠብኩ። ጠላ ከእትዬ የትነበርሽ ወሰድኩ። ነገ እንግዳ አለብኝ ስላት «ማን?» አለች። ሽማግሌ ልላት አልቻልኩም፤ ባሏ ቤት ያለ ሴት ምን ሽማግሌ ይመጣላታል? «ዘመድ» አልኩ።

ማዞሪያዎቹን ስለነካሁበት አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ከዚያ የኔን አሰማዋለሁ። እሱ ወንበሩ ላይ ከኋላ ይቀመጣል።

ሚያዝያ 19፣ ዳግም ትንሣኤ

ሁሉንም እጽፈዋለሁ፤ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ አድርጌ አስታውሰዋለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ።

ከቅዳሴ በኋላ መጡ። አያ አለነ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ አባ ዕንባቆም መስቀላቸውን ይዘው። እትዬ የትነበርሽ ጠላውን ልትቀዳልኝ ገብታ ነበር። ማኪናው በርቶ ነበር፣ ዝቅ ብሎ፤ እጄን ያሳርፍልኛል ብዬ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

አያ አለነ ዱላውን ተደግፎ እንደቆመ «አንቀመጥም፤ የመጣንበትን ካልፈጸምሽልን አንቀመጥም» አለ። ወጉ ነው። ሽማግሌ ቆሞ ጉዳዩን ይናገራል፣ ባለቤት ሰምቶ ያንገራግራል፣ ይለመናል፣ በመጨረሻ እሺ ብሎ ያስቀምጣል። አባቴ ያኔ ላብ እስኪያጠምቃቸው ነው ያቆማቸው። እኔ ግን ሦስት ወር ያንገራገርኩ ነኝ፣ ለራሴ። አፌ ቀደመኝ።

«እሺ ብያለሁ፣ አያ አለነ። የመጣችሁበትን ሁሉ እሺ ብያለሁ፣ በመስቀሉ ፊት። ተቀመጡልኝ።»

አባ ዕንባቆም «ልጄ፣ ሳትሰሚ?» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ፣ አባቴ። ይቅር ብዬዋለሁ በሉት። አዘዞም ይሁን የት፣ አልጠይቀውም። ሸሚዙንም አልጠይቀውም።»

ሁለቱ ተያዩ። ሽማግሌ እሺ ሲባል እልል ይላል፣ ይመርቃል። እነሱ ቁጭ አሉ፤ የደከመው ሰው አቀማመጥ ነበር የተቀመጡት። እትዬ የትነበርሽ ማሰሮውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ያኔ ገባኝ። ሳይናገሩ ገባኝ፣ ግን እንዲናገሩ ጠበቅኳቸው።

አያ አለነ ወለሉን እያየ ተናገረ። ሰውአገኝ የላካቸው ማኪናውን እንድሰጠው ነው። ፋሲካ ስላለፈ ሥራ ሊጀምር ነው፣ አዘዞ ሆቴሉ ውስጥ ቀጥረውታል፤ ያን ማኪና ይፈልገዋል። ዕቃውን ሁሉ ለኔ ትቷል። በክስ ሳንጨቃጨቅ በሰላም እንድንለያይ ነው የሚፈልገው። «እንድትታረቁ ነበር እኛ የለመንነው፣ የኔ ልጅ፤ ሁለቴ ሄድን። አሻፈረኝ አለ» አለ።

«ራሱ ይምጣና ይውሰደው» አልኩ። «ቤት አይግባ። ደጅ ይቁም። እኔ አውጥቼ እሰጠዋለሁ።»

«ብለነዋል።»

«ምነው ታዲያ?»

«አይመጣም፣ እናኑ።»

አባ ዕንባቆም መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። «ያልሰማሽውን እሺ ማለትሽ አያስርሽም። ምስክሩ እኔ ነኝ። እምቢ በይና እንመለስ» አሉኝ። የልባቸውን ነው፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

እምቢ ልል ነበር። እምቢ ካልኩ ማኪናው ጠረጴዛው ላይ ይቀራል፤ እሱም ይፈልገዋል፤ ደግሞ ሽማግሌ ይልካል፣ እኔም ደግሜ እጠብቃለሁ፣ በየማታው እያበራሁ፣ ጫማውን ደጃፍ እያወጣሁ። በመሀላችን አንድ ነገር ይኖራል። ይህን ሳስበው ደስ ሊለኝ ጀመረ፣ እና ደስ ሊለኝ መጀመሩ አስፈራኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ። በጾም መግቢያ መጥኜ መደቆስ ነበረብኝ። አሁን ቢያንስ ድስቱን ላውርድ አልኩ።

«ቃሌ ቃል ነው። ይዛችሁት ሂዱ» አልኩ።

«ይሠራል ወይ? ከርሟል ብሎ ሰግቷል» አለ አያ አለነ፣ እያፈረ።

ተነሣሁና ከፍ አደረግኩት። ጣቴ ረጥቦ ነበር፤ ፊቴን ስጠርግ። ሁለቱን ጎርናኖች ያዝኳቸው፣ ትንሽ እንዳይገናኙ አድርጌ፤ ቀጭኑን ከላይ አስገባሁ። በመያዣዋ ቁልፍ አላስያዝኩትም፤ በገዛ እጄ ያዝኩት። ቤቱ ነዘረ፣ የጠላው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። አያ አለነ ቆቡን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። አባ ዕንባቆም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደክሞኝ እጄን ሳነሣ ድምፁ ቀኝ ጎን ላይ እያስተጋባ ቆይቶ አለቀ።

«እሱ እንዲህ ነው የሚጫወተው?» አለ አያ አለነ።

«እሱ ሌላ ነው። ይሄ የኔ ነው።»

ሶኬቱን ነቀልኩ። ግቢው ጭር አለ። ሦስት ወር ሙሉ ከቤቴ ሲወጣ የነበረ ድምፅ ሲቆም ለካ የጎረቤት ሬዲዮ እንኳ ይሰማል። እትዬ የትነበርሽ ማሰሮውን አስቀምጣ መጣችና ከጎኔ ቆመች። «ሰውአገኝ አልነበረም፣ እትዬ» አልኳት። «አውቃለሁ፣ ልጄ» አለች። «እሱ ሲጫወት ሽንኩርት አይከተፍም ነበር።» ሳቄ መጣ፤ እንባዬም መጣ፤ ሁለቱንም ዋጥኩ፣ እንግዳ ፊት ነበርኩ።

ገመዱን ጠቀለልኩ። ማኪናውን በአሮጌ ነጠላ ቋጥሬ ለአያ አለነ ሰጠሁት። እንደ ሕፃን ልጅ በሁለት እጁ ታቀፈው፤ መንገዱ ላይ ቢወድቅ የሚሞት መሰለው። እስከ ውጭ በር ሸኘኋቸው። ሽማግሌ ከደጅ ሲወጣ ሳይመርቅ አይሄድም፤ አያ አለነ ዕድሜውን ሙሉ ያስታረቀ፣ ያጋባ ሰው ነው። በሩ ላይ ዞረና ጎንበስ ብዬ ስቆም ምርቃቱ ከአፉ እንደለመደው ወጣ፦ «ትዳራችሁን የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ፤ ጎጆአችሁን...» አለና እዚያ ላይ ቆመ። ማኪናውን ታቅፎ ቆመ። አባ ዕንባቆም ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

እኔም ምርቃት እየሰማሁ ያደግኩ ነኝና ከአፌ የለመደው ወጣ። «አሜን» አልኩ። አሜን ካልኩ በኋላ ነው በሩ ላይ ተቀምጬ ያለቀስኩት፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ።